ከመኪናው ካርቶኑ ሲበልጥ

“ሽበት የጀመረው ሰው የልጅ መኪና ይሰበስባል ወይ?” ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሳቁና ጨርሱ። ስትጨርሱ እንነጋገራለን።

እኔ የምሰበስበው ከቀለጠ ብረት በቅርጽ እየተሠሩ ይሸጡ የነበሩትን፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጡትን የድሮ መጫወቻ መኪኖች ነው። ስልሳ ሦስት አሉኝ። ሁሉም የሚያድሩት በሁለት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ነዳጅ አይጠይቁም፣ ቦሎ አይለጠፍባቸውም፣ ትራፊክ አያስቆማቸውም። በዚህ ከተማ ከኔ የበለጠ ሰላም ያለው ባለመኪና ካለ ይምጣና ይንገረኝ!

ቀልዱ ይብቃና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ቆርቆሮዬ ለማውራት አይደለም። በውጭው ዓለም ሥር የሰደደ አንድ ክፉ አመል ወደኛም ሰፈር ብቅ ብቅ ማለት ስለጀመረ ነው። መጫወቻ የሚከበረው ልጅ ሳይነካው የቀረ እንደሆነ ብቻ ነው የሚል አመል! በሰብሳቢዎች ገበያ አንዲት የድሮ መኪና ይዛችሁ ብትቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ “የት ተሠራች? ማን ተጫወተባት?” አይደለም። “ካርቶኗስ አለ?” ነው። ካርቶኑ ካለ ዋጋው እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከሌለ ፊት ይዞራል። ቀለሟ የተላጠ እንደሆነማ “ያለቀላት ናት” ተብላ ወደ ጎን ትገፋለች።

እስቲ ልብ በሉ። ሁለት መኪኖች በአንድ ቀን ከአንድ ማሽን ወጡ እንበል። አንደኛዋን ልጅ ወደዳት። ይዟት ተኛ፣ በረንዳ ላይ ነዳት፣ ጭቃ ውስጥ ቀበራት፣ ስትጠፋበት አለቀሰላት። ሁለተኛዋን የፈለጋት የለም፤ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ከነካርቶኗ ቀረች። ዛሬ የተከበረችው ማንኛዋ ናት ቢሉ፣ ፈላጊ ያጣችዋ! የተወደደችው ተዋረደች። ይህ ፍርደ ገምድልነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ለሳንቲም የተሠራ ዕቃ

እነዚህ መኪኖች ከየት እንደመጡ ባጭሩ ላውጋችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ከተማ በሆነችው ሊቨርፑል የፍራንክ ሆርንቢ ኩባንያ ሜካኖ፣ ለመጫወቻ ባቡሮቹ ማጀቢያ እንዲሆኑለት በ1933 መጨረሻ ገደማ ጥቂት ትናንሽ መኪኖች አወጣ። በ1934 “ዲንኪ ቶይስ” የሚል ስም ወጣላቸው። አጃቢ ተብለው የመጡት መኪኖች በራሳቸው እግር ቆመው የአገሩን ልጅ ሁሉ ማረኩት።

በ1947 ደግሞ ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የሚባሉ፣ ስማቸው ቢገጥምም ዘመድ ያልሆኑ ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ለንደን ውስጥ ኩባንያ አቋቋሙ። ከሌስሊ “ሌስ”፣ ከሮድኒ “ኒ” ቆርጠው ቀጠሉና “ሌስኒ” አሉት። ሥራ የጀመሩት ባረጀ መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። ጃክ ኦዴል የሚባል እጀ ወርቅ ሰው ተጨመረላቸው። በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትጭን ያወጧት ትንሿ የዘውድ ሠረገላ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠችና እጃቸው ላይ ገንዘብ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እኔ በጣም የምወደው። የኦዴል ልጅ በምትማርበት ትምህርት ቤት ከክብሪት ሳጥን የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። አባት ታዲያ ምን አደረገ? ከነሐስ አንዲት ፍሬ የምታህል የመንገድ መዳመጫ ሮለር ሠርቶ በክብሪት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ለልጁ ሰጣት። የክፍሉ ልጅ ሁሉ “ለኔም! ለኔም!” አለ። “ማችቦክስ”፣ ማለትም የክብሪት ሳጥን፣ የሚባለው መኪና የተወለደው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቁጥርም ለሮለሩ ተሰጠ። ዝርዝሩ ኋላ እስከ 75 ቁጥር ደረሰ፤ አሮጌው ሞዴል ሲወጣ አዲሱ ቁጥሩን ይወርሳል። ሁሉም ሳጥኑን እንዲገጥሙ ስለሚሠሩም ባለ ሁለት ፎቁ የለንደን አውቶቡስና ተራዋ የቤት መኪና ጎን ለጎን ሲቆሙ ርዝመታቸው ይቀራረባል። መለኪያው እውነተኛው መኪና ሳይሆን የልጅ ኪስ ነበርና!

ካርቶኑስ ለምን ተሠራ? ተቀዶ ሊጣል! ልጁ ሳንቲሙን ከፍሎ ከሱቅ ሲወጣ መንገድ ላይ ቀዶ የሚጥለው ወረቀት ነበር። ዛሬ መኪናዋን በዋጋ የሚያስከነዳት ይኸው ወረቀት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የፉክክርና የውድቀት ነው። በ1956 ኮርጊ የተባለው ከዌልስ መጣ፤ መስኮቱ እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነበረው። በ1965 የጄምስ ቦንድን አስተን ማርቲን ከተፈናጣሪ ወንበሯ ጋር አውጥቶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። በ1968 አሜሪካኖቹ “ሆት ዊልስ” በተባሉ ፈጣን መኪኖች መጡ። ቀጭን ዘንግ፣ እንደ ልብ የሚሽከረከር ጎማ! ሌስኒም በ1969 ጎማውን ለመቀየር ተገደደ። ነገር ግን የሊቨርፑሉ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፤ ሌስኒ በ1982፣ የኮርጊ ባለቤት የነበረው ሜቶይ ደግሞ በ1983 ወደቁ። የማችቦክስ ስም ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በ1997 የሆት ዊልስ ባለቤት በሆነው ማቴል እጅ ገባ። ተፎካካሪው ተፎካካሪውን ዋጠው ማለት ነው። መኪና ሲገጣጥሙና ካርቶን ውስጥ ሲከትቱ የዋሉት ሠራተኞች ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ የቀረልን እነዚህ ትናንሽ ብረቶች ናቸው።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። በሆት ዊልስ ሰብሳቢዎች ዘንድ ታላቅ ዝና ያላት በ1969 ለሙከራ የተሠራች፣ ሮዝ ቀለም ያላት የቮልስዋገን ሚኒባስ ናት። ዋጋዋ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይገመታል። ለምን ይመስላችኋል? ጠባብና አናቷ የከበደ ስለነበረች በመሮጫው መንገድ ላይ በደንብ መሄድ ስላቃታት፣ እንደዚያ ሆና ለገበያ ሳትወጣ ቀረች። ቅርጿ ተስተካክሎ ሌላ ተሠራ። እናም መሮጥ ያቃታት፣ ልጅ እጅ ያልደረሰችው መጫወቻ የመጫወቻዎች ንግሥት ሆነች። ኧረ ጉድ ነው!

ራሱን የበላው መኪና

“ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ለታሪክ ማቆየት ነው” የሚል መከራከሪያ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት አለው። ፋብሪካው ያወጣው ቀለም የትኛው እንደነበር የምናውቀው ሳይነካ ከቀረው ነው። ለሙዚየም ጥቂት ይቀመጥ፣ አልቃወምም። ነገር ግን ሳይነካ የቀረ ሁሉ ይኖራል ያለ ማነው?

ብረቱ ዚንክ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ይገባበታል። ዚንኩ ንጹሕ መሆን አለበት። በጥቂቱም ቢሆን እርሳስ ከተቀላቀለበት ብረቱ ከውስጥ ይታመማል። መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም፤ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ያብሱበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት የዲንኪ መኪኖች ብዙዎቹ ያለቁት በዚህ በሽታ ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱት። አንዱ ሰው መኪናውን ልጅ እንዳይነካበት ቆልፎ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ያስቀምጣል። አንድ ቀን ካርቶኑን ሲከፍት የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። ልጅ አልሰበረውም፤ ራሱን በራሱ በላ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ አይደል? በዚያው ዘመን መሬት ላይ ስትጎተት የኖረችው ግን ቢያንስ ሥራዋን ሠርታ አለቀች።

ውሻ በቀደደው…

ዋጋው ካርቶኑ ላይ ከተንጠለጠለ ካርቶን የሚያትም መጣ። ዋጋው አዲስ መምሰል ላይ ከተንጠለጠለ አሮጌን አዲስ የሚያስመስል መጣ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ተመሳስሎ የተሠራ ካርቶን ዛሬ በግልጽ ይሸጣል። “የተመሳሰለ ነው” ተብሎ ከተጻፈበት ነውር የለውም። ነውሩ ያ ጽሑፍ ሲጠፋና እንደ ድሮው ሲሸጥ ነው።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። እኔ መኪኖቼን ያገኘሁት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከብረታ ብረት ክምር መሀል ነው። ሌላው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ሰዎች የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ ነው። ድሮ በኪሎ ውስጥ ገብታ የምትመዘን መኪና ነበረች፤ “ይቺን ምን ሊያደርጋት ነው?” ብለው ይመርቁልኝ ነበር። አሁን ግን ሁሉም እጅ ላይ ስልክ አለ። ካርቶኗ ያልተከፈተ መኪና ለንደን ላይ ስንት እንደወጣች ያዩና ጎማዋ ለወለቀችው ያንኑ ይጠሩላችኋል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ነጋዴ አንዲት የማችቦክስ ቮልስ አመጣልኝ። ዓይኔ ቀይ አየ። ቦግ ያለ ቀይ! ይህች ባለ 25 ቁጥሯ ቮልስ ናት፤ በ1960 ስትወጣ ቀለሟ ብርማ ሰማያዊ ነበር። ገልብጬ ሳያት ቀዩ ሆዷ ድረስ ወርዷል፤ የጎማው ዘንግ ጫፍ ሳይቀር ስፕሬይ ጠጥቷል። አንዱ ጥግ ላይ በጥፍሬ ብነካው ከሥሩ ያ አሮጌ ሰማያዊ ብቅ አለ።

“ምነው እንዲህ አደረግሃት?” አልኩት።

“ምን ሆኑ ጋሼ? አዲስ አስመሰልኩልዎ እኮ! የተላጠ ማን ይገዛል?” አለኝ፤ ከልቡ ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ያቺ ቮልስ ተልጣም ቢሆን የ1960ዎቹን ቀለም ይዛ እስከዛሬ ደርሳ ነበር። በሁለት ደቂቃ ስፕሬይ ስድሳ ዓመት ጠፋ። በልጁ ላይ ግን አልፈርድም። ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም። “የተላጠ ዋጋ የለውም” ብሎ ያስተማረው ገበያው ነው።

ለመግዛት ለምታስቡ ይህችን ያዙ። መኪናዋን መጀመሪያ ገልብጧት፤ እውነቱ ያለው ሆዷ ላይ ነው። የፋብሪካው ስምና አገሩ እዚያ ተቀርጿል። ሆዷን ከገላዋ ያያዘው ሪቬት ተበስቶ ወይም በብሎን ተተክቶ ካያችሁ ተከፍታለች ማለት ነው። ቀለሙ ሪቬቱንና የጎማውን ዘንግ ከሸፈነ በኋላ የተቀባ ነው። በማችቦክስ የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ብረት ነበሩ፤ ኋላ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ከዚያም ጥቁር ፕላስቲክ መጣ። የ1950ዎቹ መኪና የ1970ዎቹን ፈጣን ጎማ አድርጋ ከመጣች ጫማ ተውሳ ነው። ሻጩን “ነካክተሃታል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት። ነካክቼያለሁ ያለውን አክብሩት፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተነጋገሩ።

የሽቦው መኪና ካርቶን የለውም

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ደረስኩ።

ከስልሳ ሦስቱ ውስጥ በጣም የምወዳት አንዲት ላንድሮቨር ናት። ቀለሟ ግማሹ የለም። አንድ ጎማዋ ጠፍቶ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ተተክቷል። ከኋላዋ ደግሞ አንድ ልጅ በምስማር ታርጋ ጽፎላታል፤ “አ.አ.” ብሎ ሦስት ቁጥር። ያ ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን እንግሊዝ አገር ተሠርታ የመጣችውን መኪና አዲስ አበባ ላይ ታርጋ አውጥቶላታል! ገበያው ይህን “ጉዳት” ይለዋል። እኔ የባለቤትነት ደብተር ነው እላለሁ። ያለዚያ ጭረት ያቺ ላንድሮቨር ከሚሊዮኖች አንዷ ነበረች። በጭረቱ ግን በዓለም ላይ አንድ ናት።

ለኛ ደግሞ እነዚህ መኪኖች ሌላ ትርጉም አላቸው። ዲንኪ ቮልሷንም፣ ፊያት 600ንም፣ ላንድሮቨሯንም ሠርቷል። እነዚህ መንገዳችን ላይ በዓይናችን ያየናቸው መኪኖች ናቸው። ሶቪየቶችም ላዳን በትንሹ ሠርተዋል። ያን ዘመን ለልጅ ልጁ ማሳየት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ቢደረድር ግማሽ ታሪኩን ተናገረ ማለት ነው።

ግማሹን ብቻ! ሌላው ግማሽ የት አለ? አብዛኛው የኛ ልጅ ማችቦክስ አልነዳም። የነዳው የሽቦ መኪና ነው። ሽቦ አጥፎ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ፣ ረጅም መሪ ሠርቶላት፣ በአፉ “ጲጲጲ” እያለ ሰፈሩን ሲያዞራት ውሏል። ቆርቆሮ ቀጥቅጦ የጭነት መኪና ያወጣም ነበር። ኦዴል ለልጁ ከነሐስ ሮለር ሲሠራ ያደረገው ምንድን ነው? እጁ ላይ ካለው ብረት ለኪስ የሚሆን መጫወቻ መሥራት አይደል? የኛ ልጅ ይህንኑ ያደረገው ያለ ፋብሪካ፣ ያለ ማሽን፣ ያለ አባት ነው። ንድፍ አውጪውም፣ ሠራተኛውም፣ ሾፌሩም ራሱ ነበር።

ታዲያ የሽቦ መኪና በገበያው ሚዛን ስንት ያወጣል? ካርቶን የለውም። የፋብሪካ ስም የለውም። “አዲስ” ሆኖ የቀረም የለም፤ ሁሉም ተነድቷል። በሚዛኑ መሠረት ዜሮ ነው! ያልተነካ መጫወቻ ብቻ ይከበር የሚለውን ሕግ ሳንጠይቅ የተቀበልን ዕለት የኛን ልጅነት በገዛ እጃችን ዜሮ አስገባነው ማለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነው። ነገሩ ስለ ፈረንጅ ካርቶን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባልጨረስኩ ነበር።

ስለዚህ ምን ይደረግ? እንደ ሰብሳቢ ጥቂት ነገር ልለምን።

አሮጌ መኪና ያገኛችሁ አትቀቧት። አቧራዋን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጧት፣ ይበቃታል። ማን እንደተጫወተባት፣ ከየት እንደመጣች የምታውቁ ከሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ፤ ያቺ ወረቀት ከየትኛውም ካርቶን ትበልጣለች። ልጅ ይጫወትባት ስል ደግሞ የ1950ዎቹን መኪና ሁሉን አፉ ለሚከት ሕፃን ስጡ ማለቴ አይደለም። የዚያን ዘመን ቀለም እርሳስ ይገባበት ነበር፤ ለሕፃኑ የዛሬውን ግዙለት። የብረታ ብረት ነጋዴ የሆናችሁ፣ መኪናዋን ከክምሩ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ እዩልኝ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ የሽቦ መኪና መሥራት እጁ ያልረሳ ጎልማሳ ካለ አንድ ይሥራ። ሠርቶ ለልጁ ይስጠው። ልጁ ይንዳው፣ ያጣምመው፣ ጭቃ ያስነካው። ከዚያ በኋላ፣ ቆርኪው ሲያልቅና ሽቦው ሲጎብጥ፣ ያን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የሚከበርበት ሥራ ያን ጊዜ ሠርቷልና!